ያረጀ ውሻ ባለበት ግቢ ቡችላ ይገባል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከወሎ ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ አንድ ጉዳይ ላይ ስለገጠሙ አብረን መልሰናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውኃ አካባቢ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሁለት የአበሻ ውሾች አሉ፤ ወንዱ 11 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 9። የ13 ዓመት ድመትም አለችን። ሰፈሩ ሌባ ስለበዛበት የቤልጂየም ማሊኑዋ ቡችላ ላመጣ አስቤያለሁ። ባለቤቴ ግን «ሽማግሌዎቹን ልትገድልብኝ ነው» ትላለች። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ባለቤትዎ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ። መጀመሪያ ስለ ሌባው እንነጋገር። ቡችላ ሌባ አይጠብቅም። ከ5 እስከ 6 ወሩ ላይ እንግዳ ሲያይ መጮህ ይጀምር ይሆናል፤ ግቢ የሚያስከብረው ግን ዓመት ተመንፈቅ ካለፈው በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ቤትዎን የሚጠብቁት እነዚሁ ሽማግሌዎች ናቸው። አዲሱ እንቅልፍ ከነሳቸው፣ ምግባቸውን ከቀማቸው፣ በላያቸው እየዘለለ ወገባቸውን ከጎዳው ግቢዎ ከበፊቱ የባሰ ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ ዘር ከመምረጥዎ በፊት ያሉትን ይመርምሩ። ሦስት ቀን ይበቃዎታል። ወንዱ ጠዋት ከተኛበት ሲነሣ የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች ልብ ብለው ይዩ። ተገትሮ ተነሥቶ ቀስ በቀስ እየተፍታታ ከሄደ የዕድሜ ቁርጥማት ነው፤ ብዙ ውሻ ከዚህ ጋር ይኖራል። የኋላ እግሩን እየጎተተ ጥፍሩ ድንጋይ ላይ የሚፋቅ ከሆነ፣ ወይም ወገቡን ሲነኩት ዞር ብሎ እጅዎን የሚያይ ከሆነ ግን ሕመሙ ጠንቶበታል። እንቅልፍ ላይ ሳለ ደረቱ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከ30 በታች መሆን አለበት፤ በተለያየ ሰዓት ቆጥረው ሁሌም ከዚያ በላይ ካገኙ ልቡን ወይም ሳንባውን የእንስሳት ሐኪም ይይለት። ውኃውንም በባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ እየለኩ ይስጡት። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ሁለት ሊትር ከጨረሰ የኩላሊት ወይም የስኳር ነገር ሊኖር ይችላል። በዚያ ቀን ሴቷን ሌላ ቦታ ያጠጧት፤ አለዚያ የለኩት የሁለቱን ይሆናል።

ጆሮውን ለመፈተን ከጀርባው ቆመው ቁልፍ ያንቃጭሉ። እግርዎን መሬት ላይ አይምቱ፤ የደነቆረ ውሻ ንዝረቱን በመዳፉ ይሰማውና ያታልልዎታል። ለዓይኑ ደግሞ ትንሽ ጥጥ ፊቱ ላይ ከላይ ወደ ታች ይልቀቁ። ጥጥ ሲወድቅ ድምፅ ስለሌለው የሚከተለው የሚያይ ዓይን ብቻ ነው። ይህን ሁሉ የምናስለፋዎት በምክንያት ነው፦ ጆሮውና ዓይኑ የደከመ ውሻ ቡችላ ድንገት ሲደርስበት ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ይነክሳል።

ወንዱ የሰፈራችሁን ዳገት 20 ደቂቃ ሳያነክስ ከሄደ፣ ምግቡን በሁለቱም መንጋጋ አኝኮ ከጨረሰና ሌሊት ከተኛ ቡችላ ይችላል። ሕመም ካለው አስቀድመው ያሳክሙት፤ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይተው እንደገና ይዩት። ሐኪሙ «የቀረው ጥቂት ወር ነው» ካለዎት ግን ቡችላው ይቆይ፤ ሽማግሌው በሰላም ይሂድ።

ወደ ዘሩ ስንመጣ፣ ማሊኑዋን ለእርስዎ ግቢ አንመክርም። ውሻው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ፖሊስና ወታደር የሚመርጡት ቀኑን ሙሉ ሥራ ስለማይሰለቸው ነው፤ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ሩጫና ሥልጠና ካላገኘ ያንን ጉልበት ግቢው ላይ ያወጣዋል። የአትክልት ጎማ ይበጣጥሳል፣ ከአጥር ሥር ይቆፍራል፣ ከፍ ያለ አጥርም ይዘላል። ከሁሉ የከፋው ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይጠራዋል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሽማግሌ ውሻ ተረከዝ እየነከሰ መንዳት፣ ድመት ሲያይ መወርወር በደሙ ያለ ነው። የ13 ዓመት ድመት ደግሞ የምትወጣበት ጣሪያ ቢኖርም የምትወጣበት ጉልበት የላትም።

ሮትዋይለር ረጋ ያለ ነው፤ ነገር ግን ወንዱ 50 ኪሎና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ለጨዋታ በትከሻው ቢገፋው እንኳ ያረጀ ውሻ ይወድቃል። ዕድሜውም አጭር ነው፤ ብዙዎቹ ከ9 እስከ 10 ዓመት ነው የሚኖሩት። ጀርመን ሼፐርድ መካከለኛ ምርጫ ነው፣ የዳሌ መገጣጠሚያው ችግር በዘር ይወርዳል እንጂ። እናትና አባቱ ሲሄዱና ከተቀመጡበት ሲነሡ ሳያዩ አይግዙ። ለእርስዎ የምንመርጠው ከአበሻና ከሼፐርድ የተወለደ ክልስ ነው። ጩኸቱ አይጎድልም፣ ምግብ አያስቸግርም፣ የደሴን ብርድም ይችላል። «የፈረንጅ ዘር ነው» ብሎ ለጎረቤት ማውራት ለሚወድ ሰው ላይዋጥለት ይችላል፤ እርስዎ ግን የጠየቁት ስለ ሌባ ነው።

ዕድሜው ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይሁን። ሻጮች ከ5 ሳምንት ጀምረው ይሰጣሉ፤ አይቀበሉ። ቡችላ ንክሻው ምን ያህል እንደሚያም የሚማረው ከወንድምና ከእኅቶቹ ጋር ሲላፋ ነው። ያንን ሳይማር የመጣ ጥርሱን የሚሞክረው ሽማግሌዎቹ ላይ ነው። ከአንድ እናት ሁለት ቡችላ አብሮ መውሰድም አይሞከር፤ እርስ በርስ ተጣብቀው ያድጋሉ፣ ሰውም ሽማግሌውም አይሰሙ።

ጾታው ወንድ ይሁን። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከተጣሉ ጠቡ አይበርድም፤ ሌላው ጠብ ከዚህ ይሻላል። ነገር ግን ሴት ውሻ በእርጅና መውለድ አታቆምም። ሴትዎ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ሳምንት ያህል ወንድ ትፈልጋለች፤ ቡችላው ደግሞ ከ6 እስከ 9 ወሩ ላይ ሊያስረግዛት ይችላል። በ10 ዓመቷ ማርገዝ ለሕይወቷ ያሰጋታል። በእነዚያ ሳምንታት በቆርቆሮ ወይም በግንብ የተለየ ቦታ ያስፈልግዎታል፤ ሽቦ ብቻ አያስጥልም። ቡችላውን ዓመት ካለፈው በኋላ ማኮላሸት ይህንንም ይፈታል፣ ወንዱ ሽማግሌ ላይ የሚነሣበትንም ትዕቢት ያለዝባል።

ከማምጣትዎ ሁለት ሳምንት በፊት ሽማግሌዎቹ የእብድ ውሻ በሽታ፣ የፓርቮ (ደም የሚያስቀምጥ የቫይረስ በሽታ) እና የዲስቴምፐር (ሳንባንና ነርቭን የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ) ክትባታቸውን ይውሰዱ። ቡችላው ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ጀምሮ 16 ሳምንት እስኪሞላው በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ይከተባል፤ የእብድ ውሻውን በ3 ወሩ ይወስዳል፣ በዓመቱ ይደገማል። ሲመጣም ለ14 ቀን ለብቻው ይቆይ፤ ሳህኑም መጥረጊያውም የራሱ ይሁን። ባለፈው ዓመት በግቢው ውስጥ ደም እያስቀመጠው የሞተ ቡችላ ካለ ነገሩ ይለወጣል፤ የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ዓመት ይቆያል። የሲሚንቶውን ወለል መጀመሪያ በሳሙና አጥበው ቆሻሻውን ያስወግዱ፤ ከዚያ በ1 ሊትር ውኃ 30 ሚሊ ሊትር በረኪና በጥብጠው 10 ደቂቃ እንዲቆይበት ያፍሱበት። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ምንም አይሠራም፤ አፈሩን ደግሞ ማጽዳት አይቻልም። እንዲህ ያለ ግቢ ካለዎት ክትባቱን የጨረሰ የ4 ወር ቡችላ ይፈልጉ።

ለድመቷ መስኮት ሥር አንድ ሣጥን፣ ከሣጥኑ በላይ አንድ መደርደሪያ ያድርጉላት፤ በአንድ ዝላይ ሳይሆን በደረጃ ትውጣ። ምግቧም እዚያው ላይ ይሁን። ቡችላው ለመጀመሪያዎቹ ወራት እሷ ባለችበት ያለ ገመድ አይለቀቅ። አንድ ጊዜ አባሯት ከጣፈጠው ማስተው ብዙ ወር ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። የ3 ወር ጀርመን ሼፐርድ ካመጣን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። የ10 ዓመቷ ውሻችን ገና ስታየው ታጉረመርማለች። ትናንት ምግብ ላይ ነክሳ ጆሮውን አደማችው። ልጆቼ ባጉረመረመች ቁጥር በእንጨት ይመቷታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንጨቱ ዛሬውኑ ይቁም። ማጉረምረም ንግግር ነው፤ «ራቅ በል» ማለት ነው። ባጉረመረመች ቁጥር የተመታች ውሻ ማጉረምረሙን ትተዋለች፣ መናከሱን ግን አትተውም። ያኔ ያለ ማስጠንቀቂያ ትነክሳለች። ቡችላው በመጣ ቁጥር ስለምትመታም ዱላውን ያመጣባት እሱ ነው ብላ ትይዝበታለች።

ቀጥለው የንክሻውን ዓይነት ይለዩ። አፏን ገጭ አድርጋ ቡችላው ጮኾ ከሸሸና ቆዳው ካልተበሳ፣ ወይም ጆሮው ጫፍ ላይ አንድ ጭረት ብቻ ካለ ቅጣት ነው፤ ትላልቅ ውሾች ሕፃን የሚያሳድጉት እንዲህ ነው። የጆሮ ጠርዝ ትንሽ ተጭሮም ብዙ ይደማል፤ ደሙ አያስደንግጥዎት። ይዛ ካራገፈችው፣ ከጮኸ በኋላ ካልለቀቀችው ወይም ጥርሷ ጠልቆ ቀዳዳ ከተወ ግን ቅጣት ሳይሆን እውነተኛ ጠብ ነው።

አሁን ሁሉንም ከመጀመሪያው ይጀምሩት። ለአምስት ቀን ይለያዩ። በሽቦ ወንፊት የሚተያዩበት፣ የማይነካኩበት ቦታ ያዘጋጁ፤ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ አጥር ለቡችላው ይበቃል። የሚተኙባቸውን ጆንያዎች በየቀኑ ያለዋውጧቸው፤ አንዱ የሌላውን ሽታ ሳይጨነቅ ይለምዳል። ምግብ ሲሰጧቸው ከሽቦው በሁለቱም በኩል 3 ሜትር አርቀው ያስቀምጡ፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ከበሉ በየሁለት ቀኑ ግማሽ ሜትር ያቅርቡ። አንዷ መብላቷን አቁማ ካፈጠጠች አንድ እርምጃ ተመልሰዋል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ ያርቁት።

ከዚያ በኋላ የሚገናኙት ከግቢ ውጪ ነው። ሁለት ሰው፣ ሁለት ገመድ፤ የገመዱ ርዝመት ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት። ኮምቦልቻ ፀሐይ ስለሚበረታ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ቢወጡ ይሻላል። ሰዎቹ መካከል፣ ውሾቹ ዳርና ዳር ሆነው 6 ሜትር ያህል ተራርቀው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሂዱ፤ ፊት ለፊት አያገናኟቸው። 20 ደቂቃ ይበቃል። ገመዱ ልል ይሁን። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ፈርቶ ገመዱን ይወጥረዋል፣ ውሻዋም አንገቷ ሲያዝ አደጋ መጣ ብላ ትገተራለች። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን አጠገብ ለአጠገብ ከሄዱ በኋላዋ በኩል መጥቶ ያሽትታት፤ እስከ ሦስት ቆጥረው በጥሪ ይለያዩዋቸው። እንደገና ይሂዱ፣ እንደገና ያሽትት። ጭራዋ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ አፏን ከዘጋች፣ የዓይኗ ነጭ ከታየ ወይም የጀርባዋ ጸጉር ከተነሣ ሳታጉረመርም በፊት ያርቁት።

በነገራችን ላይ የቡችላውን ጆሮና ጭራ ለማሳመር ማስቆረጥ አስባችሁ ከሆነ ተዉት። ውሻ ለውሻ የሚናገረው በጆሮውና በጭራው ነው። ዓይኗ የደከመ አሮጊት ጆሮ የሌለውን ወጣት ምን እንዳሰበ ማንበብ ያቅታታል።

ግቢ ሲገቡ አብረው ይግቡ። ከመግባታቸው በፊት አጥንት፣ ሳህን፣ ጆንያ፣ የእሷ የሆነ ነገር ሁሉ ከመሬት ይነሣ። የመጀመሪያው ቀን 10 ደቂቃ ብቻ፣ ቡችላው ገመዱን እየጎተተ። ከዚያ ወደ አጥሩ ይመለስ። በየቀኑ አምስት አምስት ደቂቃ ይጨምሩ። አስቀድሞ ከልጆቹ ጋር ሮጦ የደከመ ቡችላ ቢገናኛት ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው፤ ልጆቹ እንጨቱን ትተው ይህን ይሥሩ።

ምግብ እስከ መጨረሻው ለየብቻ ነው። መጀመሪያ ለእሷ፣ ቀጥሎ ለእሱ፤ 10 ደቂቃ ሲሞላ ሁለቱም ሳህን ይነሣል። አጥንት ሁለቱ በተለያዩበት ሰዓት ካልሆነ አይሰጥ፤ የተቀቀለና የተጠበሰ አጥንት ደግሞ ስለሚሰነጠቅና አንጀት ስለሚወጋ ጭራሽ ይቅር። የወጥ ፍርፋሪም አይስጡ። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ መቀቀሉ መርዙን አያጠፋውም። ለ10 ኪሎ ቡችላ ከ150 እስከ 300 ግራም ሽንኩርት ለመታመም ይበቃዋል፣ የበዓል ዶሮ ወጥ ማሰሮ ውስጥ ስንት ኪሎ እንደሚገባ እርስዎ ያውቁታል። ለቡችላው የተቀቀለ ሥጋ ወይም ሳንባ አንድ እጅ፣ ሩዝ ወይም ቂንጬ አንድ እጅ፣ ካሮት ወይም ዱባ ሩብ እጅ አድርገው ያለ ጨው ይቀቅሉ። በግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በደንብ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይጨምሩ፤ ለአጥንቱ ነው። «ቶሎ ይፋፋ» ብለው ቅርፊቱንም ምግቡንም ማብዛት በትላልቅ ዘሮች ላይ ዳሌውን ያበላሻል። የጎድኑ አጥንት በእጅ ሲዳሰስ መቆጠር አለበት። እስከ 4 ወሩ በቀን አራቴ፣ እስከ 6 ወሩ ሦስቴ፣ ከዚያ ሁለቴ ይብላ።

ጠብ ከተነሣ እጅዎን ወደ አንገታቸው አይስደዱ። አንድ ባልዲ ውኃ ይድፉባቸው፣ ወይም የድስት ክዳን ያጋጩ። ካልሆነ ሁለት ሰው ሁለቱንም በኋላ እግራቸው አንሥቶ ወደ ኋላ ይሳብ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ውሻው የተከተበ ቢሆንም።

እስኪለማመዱ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። ይህን ሁሉ በሥርዓት አድርገው ስምንት ሳምንት ሲሞላ አሁንም ቆዳ እየበሳች ከሆነ የሚሄደው ቡችላው ነው። እሱ ሌላ ቤት ይለምዳል፤ እሷ ግን በ10 ዓመቷ ሌላ ቤት አትለምድም።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዐለይኩም። እኛ ሐይቅ ነው የምንኖረው። ለጥበቃ የያዝነው ውሻ አርጅቷል፣ ሌላ ልንጨምር ነው። እናታችን በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ሶላታቸውን በረንዳ ላይ ስለሚሰግዱ የውሻ ምራቅ እንዳይነካቸው ይጨነቃሉ። ሁለት ሲሆኑ እንዴት እንቆጣጠራለን?

መልስ፦ ወዐለይኩም አሰላም። ሸሪዓውን የሚያውቁ ሰው ይጠይቁ፤ እኛ የግቢውን አሠራር እንንገርዎ።

በመጀመሪያ የዘሩ ነገር። ከንፈራቸው የተንጠለጠለ ዘሮች፣ እንደ ሮትዋይለርና እንደ ማስቲፍ ያሉት፣ ምራቃቸው ይዝረበረባል፤ ራሳቸውን ሲያራግፉ ግድግዳ ይደርሳል። የአበሻ ውሻና ሼፐርድ አፋቸው ደረቅ ነው። ለእናትዎ ሲባል ከእነዚህ ይምረጡ።

በረንዳው ላይ ቡችላው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ አይውጣ። ሕፃን ሳለ «ያሳዝናል» ተብሎ ታቅፎ የወጣ ውሻ አድጎ ሲከለከል አይገባውም። የደረጃውን አፍ በአንድ ሜትር ከሃያ የጣውላ በር ይዝጉት። የውሾቹ መኝታ ከበረንዳው ርቆ፣ በመሬቱ ተዳፋት ከታች በኩል ይሁን፤ ያረጀ ውሻ ሽንቱ ሳያውቀው ያመልጠዋል፣ ክረምት ሲሆን ጎርፉ ወደ ቤት እንዳያመጣው ነው። የመኝታውን ወለል ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ጭድ ያንጥፉበት። የውዱእ ጀሪካን ክዳን ያለው ሆኖ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ የልብስ ሳፋም ውኃ እንደያዘ መሬት ላይ አይደር፤ ውሻ ከራሱ ሳህን ይልቅ ሳፋ ይወዳል። ቡችላው ሰው ላይ ሲዘል ጀርባ ሰጥቶ ዝም ማለት፣ አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ ብቻ ማናገር ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ይህን ካደረገ በሁለት ሳምንት ያቆማል፤ አንድ ልጅ ብቻ እየሳቀ ከተቀበለው ግን አያቆምም።

አረፋ ሲደርስ ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ሳንባ ወይም ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ እባጭ ካዩ ለውሻ አይጣል፤ ይቃጠል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር። እባጩ የትል ልጅ ነው። ውሻ ሲበላው ትሉ ሆዱ ውስጥ ያድጋል፣ ዕንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ በእጅና በአትክልት ወደ ሰው ይገባና የሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ እባጭ ይሠራል። ደህና የሚመስለውን የሆድ ዕቃም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀቅለው ይስጡ። ለፋሲካ የሚያርዱት ጎረቤቶችዎም ይህን ይስሙ፤ ውሻው የሰፈር ነው።

ጥያቄ፦ ቦረና ወረዳ፣ ከቦረና ሳይንት ፓርክ አጠገብ ነን። አባቴ 40 ያህል በግ አላቸው። በጎቹን ከጅብ የሚጠብቀው ውሻ 10 ዓመት ሆኖታል፤ ጥርሱ አልቋል። አባቴ የፈረንጅ ዘር ውሻ እንዳመጣላቸው ይፈልጋሉ። ምን ዓይነት ልግዛላቸው?

መልስ፦ ለአባትህ እንዲህ ብለህ ንገራቸው፦ የሚፈልጉት ውሻ እዚያው ቅርባቸው አለ። ጀርመን ሼፐርድ በግ የሚነዳ ዘር ነው፤ በግ መንዳትና በግ መጠበቅ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። ሰው ካላዘዘው በጎቹን ራሱ ያሯሩጣቸዋል። የቱርክ ካንጋልና የካውካሰስ እረኛ ውሾች ለጥበቃ የተወለዱ ናቸው፤ ግን ትልልቆቹ 50 ኪሎ አልፈው ይሄዳሉ፣ የሚበሉትም የሁለት ውሻ ነው። በአካባቢያችሁ በግ ጠብቃ የምታውቅ ሴት ውሻ ያለችበት ቤት ካለ ከእሷ ልጆች አንዱን ውሰዱ። እናቲቱ ጅብ ሲመጣ ሸሽታ ከበጎቹ መሐል ከገባች ተዉት፤ ወደ ጨለማው ፊቷን አዙራ ከጮኸች ውሰዱ።

ቡችላው በ8 ሳምንቱ ይምጣና እስከ 16 ሳምንቱ ከበጎቹ ጋር በረት ይደር። ይህ ጊዜ ካለፈ በግን እንደ ቤተሰቡ አያይም። ሁለት ሦስት ረጋ ያሉ እናት በጎች ምረጥለት፤ የሚዋጋ አውራ በግ አታስገባ፣ አንድ ጊዜ የተወጋ ቡችላ በግ ሲያይ ይሸሻል። የሚያመልጥበትና ምግቡን የሚበላበት በግ የማያልፍበት ጥግም ይኑረው። ልጆች ይዘውት ወደ ቤት እንዳይገቡ ተከላከል፤ ከሰው ጋር ያደገ ሌሊት በረቱን ትቶ ምድጃ ዳር ይመጣል።

ከ6 እስከ 14 ወሩ ድረስ ያስቸግራል። ግልገል ያባርራል፣ የበግ ጆሮና ጸጉር ይጎትታል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «በግ በላ» ብሎ ያስወግደዋል። በአንገቱ ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል እንጨት ጉልበቱ ድረስ አንጠልጥልለት፤ ሲራመድ አያግደውም፣ ሲሮጥ ግን እግሩን ይመታዋል። ሽማግሌው ውሻ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። በረት ውስጥ አብሮት ካለ ግልገል ሲያባርር ራሱ ይገሥጸዋል፣ በየትኛው ኮሽታ መጮህ እንዳለበትም ከእሱ ይማራል። ለዚህ ነው ተተኪው መምጣት የነበረበት ነባሩ 7 ወይም 8 ዓመት ሲሆነው እንጂ ጥርሱ ሲያልቅ ያልሆነው። አሁንም አልረፈደም፤ ግን አዲሱ ብቻውን የሚታመነው ከዓመት ተመንፈቅ እስከ ሁለት ዓመት ሲሞላው ስለሆነ እስከዚያ የበረቱን አጥር አጥብቁ። ሽማግሌውን ሌሊት ጅብ ፊት ብቻውን አታስቀምጡት፤ በበረቱ ውስጥ በኩል ይደር፣ ጩኸቱ ከዚያም ይሰማል። ለጥርሱ እንጀራውን በሥጋ መረቅ አርሰህ፣ ያለ በርበሬና ያለ ሽንኩርት ስጠው።

የፓርኩ ጉዳይ ሳይነሣ አይታለፍም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያ ተራሮች ብቻ ነው፤ ያደጉት ከ500 አይበልጡም፣ የተወሰኑትም እናንተ አጠገብ ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ከቤት ውሻ ወደ እነሱ ይተላለፋል፤ ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። ወንድ ውሻ ከሴት ቀበሮ ጋር ይዳቀላልም። ስለዚህ ሁለቱም ውሾች በየዓመቱ ይከተቡ፣ ከበጎቹ ጋር ካልሆነ ወደ ጓሣው አይለቀቁ፣ ወንዱ ደግሞ ይኮላሽ። የተኮላሸ ውሻ ጅብ ላይ አይጮኽም የሚባለው ሐሰት ነው፤ እንዲያውም ሴት ፍለጋ በረቱን ጥሎ አይሄድም።

ጥያቄ፦ ወልድያ። የ12 ዓመት ውሻዬ አዲሱ ቡችላ ሲጫወትበት ወገቡ ስለሚያመው የሰው ዲክሎፌናክ ሰጠሁት። ለመዥገሩም የከብት አይቨርሜክቲን ልወጋው ነው። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ ሁለቱንም ያቁሙ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ፤ ፓራሲታሞልም ለውሻ አይሰጥ። ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ካስመለሰው ወይም ምግብ እምቢ ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይውሰዱት፤ የሰጡትን መጠንና ሰዓቱን ጽፈው ይያዙ። ለውሻ ከሚታዘዙት አንዱ ሜሎክሲካም ነው፤ ግን 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ የቀኑ መጠን 2 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን እጥፉ። ፋርማሲ የሚሸጠው የሰው ክኒን 15 ሚሊ ግራም ሊኖረው ይችላል፤ እንዲህ ያለችውን አንዷን መስጠት የሳምንቱን በአንድ ቀን ማጉረስ ነው። ዲክሎፌናኩ ከሰውነቱ ሳይወጣ ሜሎክሲካም መጀመርም አይገባም፤ በመካከል ስንት ቀን እንደሚጠበቅ ሐኪሙ ይወስን።

አይቨርሜክቲኑን ለሽማግሌው ብቻ ሳይሆን በተለይ ለቡችላው አይሞክሩት። የከብቱ መድኃኒት በ1 ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ እንስሳ የተሠላ ነው፤ በሲሪንጅ ላይ ጥቂት መስመር መሳት ለ5 ኪሎ ቡችላ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ኮሊ የሚባለው የእረኛ ውሻ ዘርና አንዳንድ ሼፐርዶች ደግሞ ለከብት ደህና የሆነው መጠን ራሱ ወደ አእምሯቸው ገብቶ ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ያሳውራቸዋል፣ ይገድላቸዋል። መዥገሩን በመቆንጠጫ ከቆዳው ጋር አስጠግተው ይያዙና ቀስ ብለው ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ ጋዝና ናፍጣ አይቀቡት። ጆሮው ውስጥ፣ በጣቶቹ መካከልና ከጭራው ሥር ሳያዩ አያልፉ። ቡችላውን ደግሞ ወገቡ እስኪሻለው ከሽማግሌው በሽቦ ይለዩት።